ሰማንያ ኩንታል፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ?

ስለ በቆሎ ድቅል ብርታትና ስለ ምርት አለካክ በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



በየዓመቱ መኸር ሲደርስ በማሳያ ማሳ ዳር አንድ ቁጥር ይነገራል። "ይህ ዝርያ በሄክታር 96 ኩንታል ሰጥቷል" ይባላል፤ ጭብጨባ ይከተላል። የመጪው ዓመት የዘር ፍላጎት ሲሰበሰብም ያ ቁጥር በየቀበሌው ሲዞር ይከርማል። ቁጥሩ የፈጠራ ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ እህሉ በምን ያህል እርጥበት እንደተመዘነ፣ ከየትኛው የማሳው ክፍል እንደተሰበሰበ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከምን ጋር እንደተነጻጸረ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ሦስት ቃዳ መሬት ይዞ ሁለቱን በቆሎ ለሚዘራ አባል ዝርያ መሳሳት ማለት የዓመት ቀለብ ማጣት ነው፤ የማዳበሪያ ዕዳም አለበት። ስለሆነም በዚህ በዓል ላይ የድቅል በቆሎ ብርታትና ምርት እንዴት እንደሚለካ በዝርዝር ማየቱ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

በቆሎ በተፈጥሮው ከጎረቤቱ ጋር የሚዳቀል ሰብል ነው። የወንዴው አበባ ከጫፉ፣ የሴቴው አበባ ከግንዱ መካከል ስለሚወጣ ብናኙን ነፋስ እየወሰደ ከሌላው ተክል ያደርሰዋል። በመሆኑም በአንድ ማሳ የቆመ የአገር በቆሎ ሁሉ አንዱ ከሌላው የተለየ፣ ሳይታወቅ የተዳቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ጆርጅ ሻል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህንኑ በጽሑፍ አስፍሯል። በቆሎውን ራሱን በራሱ እንዲያዳቅል ሲያደርገው ከትውልድ ወደ ትውልድ እየቀጨጨ፣ ግን እርስ በርሱ እየተመሳሰለ ሄደ። ሁለት የቀጨጩ መስመሮችን ሲያጋባ ደግሞ ልጃቸው ከሁለቱም በልጦ ተገኘ። ሻል በ1914 ይህን ብርታት ሄትሮሲስ ብሎ ሰየመው፤ በዚህ ንግግር የድቅል ብርታት ይባላል።

ዋናው ምክንያት ብዙ የሚያስቸግር አይደለም። እያንዳንዱ መስመር የተሰወሩ ደካማ ባሕርያት አሉበት። ራሱን በራሱ ሲያዳቅል ደካማው ከደካማው ይገናኝና ጉዳቱ ይገለጣል። ዝምድና ከሌለው መስመር ጋር ሲጋባ ግን የአንዱን ጉድለት የሌላው ጤና ይሸፍነዋል። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚያጋባ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ብርታቱ ሲሰላ ነው፤ ስሌቱ ሦስት ዓይነት ነውና። ለምሳሌ ያህል አንደኛው ወላጅ መስመር በሄክታር 15 ኩንታል፣ ሁለተኛው 25 ኩንታል፣ ከሁለቱ የተገኘው ድቅል ደግሞ 80 ኩንታል ሰጠ ይባል። የወላጆቹ አማካይ 20 ኩንታል ስለሆነ ድቅሉ ከአማካዩ በ300 በመቶ ይበልጣል። ከተሻለው ወላጅ ጋር ብቻ ሲነጻጸር ብልጫው 220 በመቶ ይሆናል። አርሶ አደሩ ቀድሞ ሲዘራው የነበረው ዝርያ በዚያው ማሳ፣ በዚያው ማዳበሪያ 72 ኩንታል ሰጥቶ ከሆነ ግን ብልጫው 11 በመቶ ነው። ነባሩ ዝርያ 84 ኩንታል ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ያው "300 በመቶ ብርታት ያለው" ድቅል የተበለጠ ይሆን ነበር።

ሦስቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚያገለግሉት ግን ለተለያየ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአዳቃዩ መሣሪያዎች ናቸው። የትኛው መስመር ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ወላጆቹ በጣም ደካማ በሆኑ ቁጥር መቶኛው እየገዘፈ ይሄዳል። በሄክታር 5 ኩንታል ብቻ ከሚሰጡ ሁለት መስመሮች 40 ኩንታል የሚሰጥ ልጅ ቢወለድ ብርታቱ 700 በመቶ ነው፤ 40 ኩንታል ደግሞ ዛሬ ድቅል ለሚዘራ አርሶ አደር የሚያኮራ ምርት አይደለም። ገበያ የሚወጣው ኩንታል ነው፤ መቶኛ በጆንያ አይሞላም። አርሶ አደሩን የሚመለከተው ሦስተኛው ቁጥር፣ ማለትም ባለሙያዎቹ "ቼክ" ከሚሉት ማነጻጸሪያ ዝርያ ጋር የተደረገው ንጽጽር ነው።

አዳቃዮች ጥሩ ጋብቻ ለማግኘት የሚለፉትን ልፋት ለመገመት አንድ ስሌት ይበቃል። 10 መስመሮች ብቻ ቢኖሩ ሁለት ሁለቱን በማጋባት 45 ድቅሎች ይገኛሉ። እያንዳንዱን ከቀሩት ስምንት መስመሮች ጋር በሦስተኝነት ለማጋባት ቢፈለግ ቁጥሩ 360 ይደርሳል። ይህን ሁሉ መዝራት ስለማይቻል መስመሮቹ አስቀድሞ ይፈተናሉ። ከብዙዎቹ ጋር ሲጋባ ደህና ልጅ የሚያስገኝ መስመር አለ፤ ከአንድ ከተወሰነ መስመር ጋር ብቻ ሲገናኝ የሚያስደንቅም አለ። እ.ኤ.አ. በ1942 ስፕራግና ቴተም የተባሉ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን አጠቃላይ የመጣመር ችሎታ፣ ሁለተኛውን ልዩ የመጣመር ችሎታ ብለው ለይተውታል። አከፋፈሉ ዛሬም ይሠራበታል።

በኢትዮጵያ በሰፊው የተዘሩት ድቅሎች ታሪክ ግማሹ የሚገኘው ኬንያ ውስጥ ኪታሌ ላይ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በኪታሌ ይሠራ የነበረው አዳቃይ ማይክል ሃሪሰን ከላቲን አሜሪካ የበቆሎ ዘሮችን አስመጣ። ከእነዚህ አንዱ ኢኳዶር 573 ይባል ነበር። ይህ ዘር ከአካባቢው ኪታሌ ሲንቴቲክ 2 ከተባለው በቆሎ ጋር ሲጋባ ልጁ ከኪታሌው ወላጅ ወደ 40 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ በ1964 ኤች 611 ተብሎ ለኬንያ አርሶ አደሮች ተለቀቀ። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ይህ 40 በመቶ የተሰላው አርሶ አደሩ አይቶት ከሚያውቀው በቆሎ ጋር ተነጻጽሮ እንጂ ከቀጨጨ መስመር ጋር አይደለም። ከላይ ከተጠቀሰው 300 በመቶ ይልቅ የሚያስደንቀውም ይኸኛው 40 በመቶ ነው።

እነዚህ ሁለት ቤተሰቦች ኋላ ባኮ ደረሱ። የባኮ ምርምር ማዕከል የመጀመሪያውን የአገር ውስጥ ድቅል ቢኤች 140ን በ1988፣ ቢኤች 660ን ደግሞ በ1993 አወጣ፤ ሁለቱም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቢኤች 660 የሦስት መስመሮች ድቅል ነው። ኤ7033 እና ኤፍ7215 የተባሉት ከኪታሌ ወገን የተገኙ ሲሆኑ በቅድሚያ እርስ በርስ ይጋባሉ፤ ልጃቸው እናት ሆና ከኢኳዶር ወገን ከሆነው 142-1-ኢ ጋር ትዳቀላለች። እናቲቱ ራሷ ድቅል ስለሆነች ጠንካራ ናት፤ ብዙ ዘርም ትይዛለች። የዘሩ ዋጋ በጣም ሳይንር የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ2011 ከወላጆቹ አንዱ ብቻ ተቀየረ። ኤፍ7215 ወጥቶ ኤፍ7189 ገባና ቢኤች 661 ተወለደ። ሁለቱም ዝርያዎች ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ላለው አካባቢ የተመከሩ ናቸው። ሲለቀቁ የተመዘገበላቸው ምርት ጎን ለጎን ሲታይ አንድ ትልቅ ነገር ይገልጻል። ቢኤች 660 በምርምር ጣቢያ ከ90 እስከ 120 ኩንታል፣ በአርሶ አደር ማሳ ከ60 እስከ 80 ኩንታል ነው። ቢኤች 661 በጣቢያ ከ95 እስከ 120፣ በአርሶ አደር ማሳ ከ65 እስከ 85 ኩንታል ነው። በሁለቱ ዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት 5 ኩንታል ገደማ ሲሆን በጣቢያውና በአርሶ አደሩ ማሳ መካከል ያለው ግን 30 እና ከዚያ በላይ ነው። የአዲሱን ዝርያ የጣቢያ ምርት ከነባሩ ዝርያ የማሳ ምርት ጋር አስተያይቶ "አዲሱ በ40 ኩንታል ይበልጣል" የሚል ሰው ዝርያ አላነጻጸረም። ያነጻጸረው የጣቢያውን አስተራረስ፣ ማዳበሪያና አረም ከገበሬው ጋር ነው። አዲስ ዘር ወስደው ያዘኑ አባላት ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የተታለሉት በዘሩ ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ ንጽጽር ሆኖ ይገኛል።

የቦታም ጉዳይ አለ። ባኮ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ፓዌ ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል፤ አዴት ደግሞ ከ2,200 ሜትር በላይ ይወጣል። ባኮ ላይ አንደኛ የወጣ ዝርያ ፓዌ ላይ በሙቀቱ፣ አዴት ላይ በቅዝቃዜውና በዕድገት ጊዜው መርዘም ቦታውን ሊለቅ ይችላል። ቢኤች 660 ለመድረስ 160 ቀን ያህል የሚፈልግ ሲሆን በ1995 የተለቀቀው ቢኤች 540 ወደ 145 ቀን ይበቃዋል። ዝናቡ መስከረም ላይ ቶሎ በሚቆምበት ቀበሌ እነዚህ 15 ቀናት የፍሬ መሙላት ወይም ያለመሙላት ጉዳይ ናቸው።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ ቢባል ተገቢ ነው፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚያ ነውና። በሙከራ ማሳ ላይ አንድ ዝርያ ብዙውን ጊዜ በጥቂት መስመር ይዘራል። አራት መስመር፣ እያንዳንዱ 5.1 ሜትር ርዝመት፣ በመስመሮቹ መካከል 75 ሳንቲሜትር ይኑር። የዳር መስመሮች ብርሃንም አየርም በብዛት ስለሚያገኙ የሚመዘነው የመካከለኞቹ የሁለቱ ምርት ብቻ ነው። ስፋቱ 7.65 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ከተዘራ በሁለቱ መስመሮች የሚቆመው 34 ተክል ነው፤ አምስቱን ጥጃ ቢበላቸው 15 በመቶው ሄደ ማለት ነው። በዚህ ቦታ ላይ 100 ግራም መሳሳት ወደ ሄክታር ሲቀየር 1.3 ኩንታል መሳሳት ነው።

ሁለት ዝርያዎች በዚህ ስፋት ተዘርተው በአንድ ቀን ተሰበሰቡ፣ ተፈለፈሉም ይባል። የመጀመሪያው 7.4 ኪሎ፣ ሁለተኛው 6.9 ኪሎ መዘነ። ወደ ሄክታር ሲቀየር የመጀመሪያው 96.7 ኩንታል፣ ሁለተኛው 90.2 ኩንታል ነው። ጭብጨባው ለመጀመሪያው ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ዘግይቶ የሚደርስ ስለሆነ እርጥበቱ 26 በመቶ፣ የሁለተኛው 19 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎች ምርቱን ሁሉ ወደ 12.5 በመቶ እርጥበት አስተካክለው ነው የሚያቀርቡት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከ100 ላይ እርጥበቱ ተቀንሶ፣ በክብደቱ ተባዝቶ፣ ለ87.5 ይካፈላል። የመጀመሪያው 6.26 ኪሎ፣ ሁለተኛው 6.39 ኪሎ ይሆናል። በሄክታር 81.8 እና 83.5 ኩንታል ማለት ነው። 6 ኩንታል ተኩል የመራው ዝርያ ውሃው ሲወጣለት ወደ ኋላ ቀረ።

ይህም ቢሆን ሁለተኛው አሸነፈ ለማለት አያስችልም። አንዱ ዝርያ ራሱ በዚያው ማሳ ሦስት ቦታ ተዘርቶ 78፣ 84 እና 90 ኩንታል ሊሰጥ ይችላል፤ አፈሩ በአሥር እርምጃ ውስጥ ይለያያልና። እንዲህ ባለ ማሳ ላይ በአንድ ድግግሞሽ የታየ የ1.7 ኩንታል ብልጫ ብልጫ አይባልም። ዝርያ ከመለቀቁ በፊት በብዙ ቦታና ከአንድ ዓመት በላይ የሚፈተነው፣ በመጨረሻም በ10 ሜትር በ10 ሜትር መደብ ላይ ከማነጻጸሪያ ዝርያዎች ጋር በጣቢያና በአርሶ አደር ማሳ ተዘርቶ በገምጋሚ ኮሚቴ የሚታየው ለዚህ ነው። የማሳውን እጅግ ያማረ ጥግ መርጦ መመዘን፣ እሸት ዛላን ከነቆረቆንዳው መዝኖ እንደ እህል መቁጠር፣ ተክል የሳሳበትን ቦታ ዘሎ ማለፍ እነዚህን ሁሉ ዓመታት በአንድ ከሰዓት ያፈርሳል።

ሌላው በየመንደሩ የሚነሳ ጥያቄ ከድቅል ማሳ ዘር ማስቀረት ነው። "ዘሩ ዞሮ ዞሮ በቆሎ ነው፤ ለምን በየዓመቱ ይገዛል?" የሚሉ አባላት አሉ። ጥያቄው የስንፍና አይደለም፤ በሄክታር 25 ኪሎ ዘር መግዛት ለድሃ አባል ከባድ ወጪ ነው። መልሱ በስሌት ይገኛል። ከሁለት መስመሮች የተገኘ ድቅል ፍሬ ተመልሶ ሲዘራ የመጀመሪያው ብርታት ግማሹ ይሄዳል፤ ተክሎቹ የሁለቱን ወላጆች ዘር መልሰው ሲካፈሉ በግማሹ ባሕርይ ከአንዱ ወገን ብቻ ሁለት ጊዜ ይወርሳሉና። እንደ ቢኤች 661 ከሦስት መስመሮች ለተገኘ ድቅል፣ ሦስቱ ፍጹም ዝምድና ባይኖራቸው፣ የሚሄደው ከስምንት እጅ ሦስቱ ነው። ከኪታሌ ወገን የሆኑት ሁለቱ ዝምድና ስላላቸው ኪሳራው ከዚህም ከፍ ይላል።

ወላጆቹ በአማካይ 20፣ ድቅሉ 80 ኩንታል ይሰጣል በተባለው ምሳሌ ብርታቱ 60 ኩንታል ነው። ስምንተኛው 7.5፣ ሦስት ስምንተኛው 22.5 ኩንታል ይሆናል። ተመልሶ የተዘራው ወደ 57.5 ኩንታል ይወርዳል ማለት ነው፤ በአንድ ቃዳ ላይ 5.6 ኩንታል ኪሳራ ነው። ይህን ለ6 ኪሎ ከሩብ ዘር ከተከፈለው ዋጋ ጋር ማስተያየት የአባሉ ፋንታ ነው። እዚህ ላይ ግን ማነጻጸሪያው መረሳት የለበትም። ያ አባል ዱሮ ሲዘራው የነበረው የአገር በቆሎ 30 ኩንታል የሚሰጥ ከነበረ 57.5 ለእርሱ ዕድገት ነው፤ ተመልሶ የተዘራውን ድቅል የሚያወድሱ አባላት ይዋሻሉ ማለት አይቻልም። የሚያነጻጽሩት ከሌላ ነገር ጋር ነው። ድጋሚ የተዘራው ማሳ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ቀድሞ የሚያብብ፣ አንዱ የሚዘገይ ሆኖ መታየቱም ከዚሁ ክፍፍል የመጣ ነው።

ዘር አባዢ ለሆኑ አባላት ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይመለከታቸዋል። በዘር ብዜት ማሳ ላይ የእናት መስመሮች ብናኝ ከመርጨታቸው በፊት የወንዴ አበባቸው ተነቅሎ ማለቅ አለበት። በ75 በ30 ሳንቲሜትር በተዘራ ሄክታር ላይ 44,444 ተክል አለ፤ ከዚህ አብዛኛው እናት ነው። አበባው በአንድ ቀን አይወጣም። ማሳው በየቀኑ፣ እሑድም በዓልም ሳይባል መዞር ይፈልጋል። ያመለጠች እናት ራሷንና እህቶቿን ታዳቅላለች፤ ከአባትየው የሚመጣው ብርታት የሌለበት ፍሬ ከደህናው ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ከረጢት ይታሸጋል። ከሌላ የበቆሎ ማሳ ቢያንስ 200 ሜትር መራቁም እንዲሁ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሌላ ቀበሌ አባል ማሳው ዝንጉርጉር ሲሆንበት የሚወቅሰው ዝርያውን ነው፤ የዝርያውም ስም እስከ መጨረሻው በዚያ ቀበሌ ይበላሻል።

ዩኒየኑ ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ፤ ወጪውም ብዙ አይደለም። አምስት ቀበሌ ተመርጦ በእያንዳንዱ በሦስት አባላት ማሳ ላይ አዲሱ ዝርያ አባሉ ከሚዘራው ዝርያ ጎን በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ዳፕና ዩሪያ ይዘራል። የሚያስፈልገው ገመድ፣ ሚዛንና የእርጥበት መለኪያ ነው፤ እህል የሚረከብ መጋዘን ደግሞ ሁለቱን አያጣም። 15 ንጽጽሮች ይገኛሉ። አዲሱ ከ15ቱ በ13ቱ ከበለጠ፣ ብልጫው በአማካይ 6 ኩንታል ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ከአንድ ማሳያ ማሳ ከተነገረ 96 ኩንታል ይልቅ የዘር ፍላጎት ሊመሠረትበት የሚገባው ይህ ነው። ሙከራው በየጥቂት ዓመቱ መታደስም አለበት። የበቆሎ ገዳይ ቫይረስ በሽታ በኢትዮጵያ መኖሩ በ2014፣ መጤው ተምች በ2017 ከታወቀ ወዲህ የቀድሞ ዓመታት ቁጥሮች ብቻቸውን አያስተማምኑም።

ሪፖርት ሲጻፍ ግን አዲሱ የተበለጠባቸው ሁለት ማሳዎች መውጣት የለባቸውም። ማሳዎቹ የማን እንደሆኑ፣ አፈራቸው ምን እንደሚመስል፣ መቼ እንደተዘሩ መጻፍ አለበት። ሁለቱም ውሃ የሚተኛባቸው ጥቁር መሬቶች ሆነው ቢገኙ፣ እንዲህ ያለ መሬት ያላቸው አባላት የዘር ጥያቄ በሚቀጥለው ጥር በሌላ ወረቀት ለብቻው ይሞላል።